120 ቀሚስ የሚሸጥ ድረ ገጽ ምን ያህል ሆስቲንግ ይበቃዋል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላት። እኔ በዎርድፕረስና ሱቅ በሚጨምርበት በዉኮሜርስ ድረ ገጽ እየሠራሁላት ነው። 120 ቀሚስ አለን፤ ለእያንዳንዱ አራት አራት ፎቶ። አሁን ለሙከራ የጓደኛዬ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፤ በቀን 100 ሰው ገደማ ይገባበታል። የቴሌግራም ቻናላችን 14,000 ተከታይ አለው። ከገዢዎቻችን ግማሹ እዚሁ፣ ግማሹ አሜሪካና ዱባይ ናቸው። አንድ የሆስቲንግ ሻጭ ‹ዉኮሜርስ በሼርድ ሆስቲንግ አይሠራም፤ 8 ጊጋ ራም ያለው ቪፒኤስ ነው የሚያስፈልግሽ› አለኝ። በወር 32 ዶላር ነው፤ የሦስት ዓመቱን በአንዴ ክፈይ ይላል። ትንሹ ሼርድ በወር 3 ዶላር ነው። እሱም የሦስት ዓመት ቅድሚያ ይፈልጋል፤ ሲታደስ ደግሞ 11 ዶላር ይገባል። የሚከፍልልን ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ነው። በርካሹ ገብቼ ለበዓል ድረ ገጹ ቢዘጋብኝስ ብዬ ፈራሁ። የቱን ልውሰድ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከነቁጥሩ ስለላክሽው ደስ ብሎኛል። ስንት ሰው እንደሚገባና ስንት ፎቶ እንዳለ ሳይታወቅ ስለ ራም ማውራት ዝም ብሎ መገመት ነው። አንቺ ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ ጽፈሻል።

መልሴን ላስቀድም። ትንሹን ሼርድ ውሰጂ። ቪፒኤሱ አሁን አያስፈልግሽም። ሻጩ ዉኮሜርስ በሼርድ አይሠራም ያለሽ ትክክል አይደለም። ይሠራል፤ እኔ ራሴ የሠራኋቸው ትንንሽ ሱቆች ዛሬም በሼርድ ላይ ናቸው። የበዓሉ ስጋትሽ ግን የዋዛ አይደለም። እሱን በደንብ ላስረዳሽ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ትልቅ ሰርቨር በመግዛት ብቻ አይፈታም።

መጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት እንያዝ። ሆስቲንግ ማለት ድረ ገጽሽ የሚኖርበትን ሰርቨር፣ ማለትም ሁልጊዜ በርቶ ገጹን ለሰው የሚያቀርበውን ኮምፒውተር፣ መከራየት ነው። ሼርድ ሆስቲንግ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ነው። አንዱ ቤት ምጣድ ሲጣድ የሌላው አምፖል ይደበዝዛል። ዛሬ ዛሬ ደህና የሆኑት ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ተከራይ ጣሪያ ያበጃሉ፤ ይህን ያህል ሲፒዩ (የማስላት ጉልበት)፣ ይህን ያህል ራም (ሥራ ላይ ያለውን የሚይዝ ሜሞሪ)፣ በአንድ ጊዜ ከጎብኚዎች ይህን ያህል የገጽ ጥያቄ እያሉ። ስለዚህ ጎረቤት እንደ ድሮው አይረብሽም። ቪፒኤስ የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ነው። ኃይሉ ያንቺ ብቻ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል የምትቀይሪውም አንቺው ነሽ።

ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ሻጮች ብዙ ጊዜ አያነሷትም። ቪፒኤሱ «ማኔጅድ»፣ ማለትም ድርጅቱ ራሱ የሚያስተዳድረው፣ ካልተባለ በቀር ሲስተሙን ማደስ፣ ፋየርዎል ማስተካከል፣ ዳታቤዙ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲወድቅ ተነስቶ ማስነሳት ያንቺ ሥራ ነው። አንቺ ድረ ገጽ መሥራት ትችያለሽ። ሊኑክስ ሰርቨር ማስተዳደር ግን ሌላ ሙያ ነው። ተንከባካቢ ያጣ ቪፒኤስ ከደህና ሼርድ ይልቅ ለጠላፊ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የ32 ዶላሩ ዋጋ 32 ዶላር ብቻ አይደለም፤ ያንቺ ሌሊት ወይም የምትቀጥሪው ሰው ደመወዝ አብሮ ይታሰባል።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በቀን 100 ሰው ይገባል ብለሻል። አንድ ሰው ሦስት ገጽ ቢያይ 300 ገጽ ይሆናል። ግማሹ ማታ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይመጣል እንበል። ያ ማለት በሰዓት 50 ገጽ፣ በደቂቃ አንድ እንኳ የማይሞላ ነው። የዉኮሜርስ ገጽ አንድ ጊዜ ለመሠራት ሰርቨሩን 0.8 ሰከንድ ይወስድበታል ብንል፣ በጣም በሚበዛበት ሰዓት ሰርቨርሽ የሚሠራው 40 ሰከንድ ነው። ከ3,600 ሰከንድ ውስጥ 40 ብቻ! የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለዚህ 8 ጊጋ ራም መግዛት ለሁለት ሰው ምሳ የድግስ ብረት ድስት እንደመጣድ ነው።

የዘወትሩ ቀን ይህን ይመስላል። በዓሉስ?

ያንቺን ሱቅ ከሌላው የሚለየው ቴሌግራሙ ነው። የቻናል ጎርፍ ቀስ እያለ አይሞላም፤ ድንገት ይመጣል። ለእንቁጣጣሽ አሥር ቀን ሲቀረው አዲስ ጥልፍ ለጠፍሽ እንበል። ሰው ስልኩ ላይ ሲያየው ወዲያው ይነካዋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ 300 ሰው ቢገባ፣ ሦስት ሦስት ገጽ ሲያይ 900 ገጽ ነው። 900 በ0.8 ስናባዛው 720 ሰከንድ ሥራ ይመጣል። አሥር ደቂቃ ደግሞ 600 ሰከንድ ናት። ሼርዱ የሚሰጥሽ አንድ የሲፒዩ ኮር ከሆነ ሥራው ከጊዜው በለጠ ማለት ነው። ሰልፉ ይረዝማል። ገጹ ይጎተታል። ክላውድሊኑክስ የሚባለውን የሰርቨር ሲስተም በሚጠቀሙ ድርጅቶች ዘንድ ጣሪያው መሞላቱን የሚናገር፣ «508» የሚል ቁጥር ያለበት ገጽ ይመጣና ገዢሽ ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ስለዚህ ፍርሃትሽ መሠረት አለው።

ሻጩ መልሱ ቪፒኤስ ነው አለሽ። የእኔ መልስ ካሺንግ ነው።

በእናትሽ ሥራ ላስረዳሽ። በልክ የሚሰፋ ቀሚስ አለ፤ ተሰፍቶ የተሰቀለ ቀሚስ አለ። ዎርድፕረስ እንደ ልማዱ ለመጣው ሰው ሁሉ ገጹን በልክ ይሰፋል። ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ፕላጊኖቹን (ተጨማሪ መሣሪያዎቹን) አንድ በአንድ ያስነሳል፣ ገጹን ገጣጥሞ ያቀርባል። የቀሚሱ ዋጋና ፎቶ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ታዲያ ለምን በየጊዜው ይሰፋል? ካሺንግ አንዴ የተሰፋውን ይሰቅለዋል። ቀጣዩ ሰው ሲመጣ ከማንጠልጠያው አንስቶ መስጠት ብቻ ነው፤ ሲፒዩው ብዙም አይነካም። በልክ መሰፋት ያለባቸው የዕቃ ቅርጫቱ፣ የክፍያው ገጽና የደንበኛው አካውንት ናቸው። እነዚህ ፈጽሞ መሰቀል የለባቸውም፤ አንዱ ገዢ የሌላውን አድራሻ ሊያይ ይችላል። ታዋቂዎቹ ፕላጊኖች ዉኮሜርስን ሲያዩ እነዚህን ራሳቸው ይተዋሉ፤ አንቺ ግን ፈትሺው።

ሂሳቡን እንደገና እንሥራው። ከ900ው ገጽ ከአሥሩ ዘጠኙ ከማንጠልጠያ ቢመጣ፣ የሚሰፋው 90 ብቻ ነው። 90 በ0.8፣ 72 ሰከንድ። ከ600 ውስጥ 72። ያው ትንሹ ሼርድ የእንቁጣጣሹን ጎርፍ ሳይጨናነቅ አሳለፈው። የድርጅቱ ሰርቨር ላይትስፒድ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ ላይትስፒድ ካሽ የሚባለው ፕላጊን በነጻ ይገኛል። ካልሆነ ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ አለ፤ እሱም ነጻ ነው። ለጥፈሽ ከመልቀቅሽ በፊት ራስሽ ገጾቹን አንድ ጊዜ ክፈቻቸው፤ ተሰፍተው እንዲሰቀሉ።

ሁለተኛው ሥራ ፎቶው ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝን ታሪክ ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ድረ ገጽ ተጎተተ ብለው ጠሩኝ። ሼርድ ላይ ነበር። ብዙም ሳልመረምር ወደ ቪፒኤስ አዛወርኳቸው። ትንሽ ተሻለው፤ ግን አልዳነም። ከፍ ወዳለው ጥቅል ወጡ። አሁንም ያው። ሰባት ወር ከከፈሉ በኋላ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያ ገጹን ስመዝነው፣ ላይ የሚንሸራተቱት ስድስት ፎቶዎች እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ገደማ ነበሩ። 30 ሜጋባይት! ሰርቨሩ በሰከንድ ሽራፊ ሥራውን ጨርሷል፤ የሚጎተተው የገዢው ስልክ ነበር። ፎቶዎቹን አሳንሼ ወደ ሼርድ መለስኳቸው፤ ችግሩም ሄደ። ያንን መመዘን በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ለዚህ ነው ዛሬ ማንም «ሰርቨር ልቀይር?» ሲለኝ መጀመሪያ ገጹን የምመዝነው።

ያንቺ 480 ፎቶዎች በቀጥታ ከስልክ ቢጫኑ፣ በ4 ሜጋባይት ሲሰላ 2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናሉ። አግድመታቸውን ወደ 1,200 ፒክስል አሳንሰሽ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ፎርማት ብታስቀምጪያቸው አንዱ 150 ኪሎባይት ገደማ ይመጣል፤ ሁሉም ተደምረው 72 ሜጋባይት። የጥልፉ ዝርዝር አይጠፋም፤ አትፍሪ። ዎርድፕረስ ከ2021 ጀምሮ ዌብፒን ያለ ምንም ፕላጊን ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ፎቶ ትንንሽ ቅጂዎችንም ራሱ ያዘጋጃል። ነገር ግን አንዳንድ የስላይደርና የገጽ መሥሪያ ፕላጊኖች ትንሹን ትተው ትልቁን ይጠሩታል። እዚህ ላይ ደግሞ ከዶላርሽ ሌላ የገዢሽ ፓኬጅም አለ። በሞባይል ዳታ የሚያይሽ ሰው አንድ ቀሚስ ለማየት 10 ሜጋ ከበላበት ሁለተኛውን አይከፍትም።

ከዚህ በኋላ ጥቅሉ ላይ ያሉት ትልልቅ ቁጥሮች ሊያስጨንቁሽ አይገባም። አንድ ገጽ 1 ሜጋባይት ቢሆን፣ በቀን 300 ገጽ፣ በወር 9 ጊጋባይት ዝውውር ነው። «አንሊሚትድ» የሚለው ቃል ላንቺ ምንም አይጨምርም። ደግሞም በእርግጥ ገደብ የሌለው ነገር የለም፤ በውሉ ውስጥ የፋይል ብዛት ገደብ አለ፤ አይኖድ ይሉታል። ፎቶዎችሽ ከነቅጂዎቻቸው ጥቂት ሺህ ፋይል ናቸው፤ ችግር የለም። ሳይታወቅ የሚሞላው ኢሜይል ነው። በብዙ ሰርቨር ላይ እያንዳንዱ መልእክት አንድ ፋይል ሆኖ ይቆጠራል። የሱቁን ኢሜይል እዚያው ካደረግሽ በየጊዜው አጽጂ።

ራሙስ? ዉኮሜርስ ራሱ የሚመክረው የሜሞሪ ጣሪያ 256 ሜጋባይት ነው። ይህ አንድ ገጽ ሲሠራ ሊደርስበት የሚችለው ከፍታ እንጂ ሁልጊዜ የሚበላው አይደለም። ለአካውንትሽ 1 ጊጋ የሚሰጥ ሼርድ ያስኬድሻል፤ 2 ጊጋ ከሆነ ሰፊ ነው። ሻጩን በጽሑፍ እነዚህን ጠይቂው፦ ለአንድ አካውንት ስንት ኮር፣ ስንት ራም፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ፣ ስንት አይኖድ ትሰጣላችሁ? በአንድ ጊዜ ለሚመጣ ጥያቄ 20 አካባቢ የተለመደ ነው። ቁጥሩን አልናገርም ካለ ሌላ ድርጅት ፈልጊ።

ስለ ሦስት ዓመቱ ቅድሚያ ክፍያ። የውጭ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ረጅም አትዋዋሉ ይላሉ። ለእኛ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት 100 ብርን አለፈ። በብር እየሸጡ በዶላር ሆስቲንግ የሚከፍሉ ሱቆች ያኔ በደንብ አውቀውታል። ስለዚህ ልኩን ያወቅሽውን ትንሽ ጥቅል ለሦስት ዓመት መያዝ ጥሩ መከላከያ ነው፤ 108 ዶላር ከፍለሽ ትገላገያለሽ። ቪፒኤሱ ግን ለዚያው ጊዜ 1,152 ዶላር ነው። የልዩነቱን 1,044 ዶላር በ150 ብር ብናስላው 156,600 ብር ይሆናል። ሱቁ ያንን ገንዘብ ለጥለትና ለሸማኔ ቢያውለው ይሻላል።

የእድሳቱን ዋጋም አትርሺ። ከሦስት ዓመት በኋላ 3 ዶላሩ 11 ይሆናል፤ ያኔ ለሦስት ዓመት 396 ዶላር ትከፍያለሽ። ይህን አሁኑኑ ካሌንደርሽ ላይ ጻፊው፤ ጊዜው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ዋጋ አወዳድሪ። አውቶማቲክ እድሳቱን ለሆስቲንጉ አጥፊው። ለዶሜይኑ (ለድረ ገጹ አድራሻ ስም) ግን አታጥፊው፤ ዶሜይን ካመለጠ ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል።

ስትከፍሉ ደግሞ የመክፈያ ገጹን ወንድምሽ ዝም ብሎ እንዳያልፈው። ቀድመው የተመረጡ ሳጥኖች ይኖራሉ። የሚከፈልበት ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው ሰርተፊኬት) አያስፈልግም፤ ሌትስ ኢንክሪፕት በነጻ ይሰጣል፤ ደህና ድርጅቶችም ራሳቸው ይጭኑታል። የ«ሴኪዩሪቲ ፓኬጅ» እና በጉግል ፍለጋ ከፍ ያደርጋል የሚባለውን የ«ኤስኢኦ» መሣሪያ የሚሉትንም ምልክታቸውን አንሺ። ከሁሉ ላይ እንድትቆጥቢ የማልፈልገው አንድ ነገር ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነው። ጥቅሉ በየቀኑ ባክአፕ የሚያደርግና በነጻ የሚመልስ መሆኑን አረጋግጪ። እሱ ቢኖርም በሳምንት አንድ ጊዜ ቅጂ ወደ ጉግል ድራይቭ ላኪ። አካውንቱ ከታገደ በዚያው አካውንት ያለው ባክአፕም አብሮ ይታገዳልና።

ሰርቨሩ የት ይሁን? ገዢዎችሽ በሦስት አህጉር ስላሉ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ባትጠይቂኝም ልመልሰው። አውሮፓን ምረጪ። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋሽንግተን ከእጥፍ በላይ ይርቃል። ከእኛ ወደ አሜሪካ የሚሄደው መረጃም ብዙ ጊዜ በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው። አውሮፓ ሲሆን የሜሪላንዱም የሽሮ ሜዳውም ገዢ መካከል ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ላይ የክላውድፍሌርን ነጻ ጥቅል ብትጨምሪ ፎቶዎቹ ለየገዢው ከቅርቡ ይቀርቡለታል። ገዢሽ ሁሉ እዚህ ቢሆን ኖሮ በብር የሚከፈለውን የአገር ውስጥ ሆስቲንግ አስቀድሜ እነግርሽ ነበር።

በቴሌብርና በቻፓ ለመቀበል ካሰብሽም ቪፒኤስ አያስፈልግም። ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው በእነሱ ሲስተም ነው። ያንቺ ድረ ገጽ የሚያደርገው ትዕዛዙን መላክና «ተከፍሏል» የሚለውን መልስ መቀበል ነው።

መቼ ከፍ ትያለሽ? የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ በሆነው ሲፓነል ውስጥ «ሪሶርስ ዩሴጅ» የሚል ገጽ አለ። በየሰኞው ተመልከቺው። በበዓል ሰሞን አንድ ሁለት ጊዜ ጣሪያውን ቢነካ ምንም አይደለም። በዓል በሌለበት ሳምንት፣ ካሺንጉ እየሠራ፣ ሲፒዩው በተደጋጋሚ ጣሪያ ከነካ ያኔ ጊዜው ደርሷል። ያኔም ቢሆን በቀጥታ ወደ 8 ጊጋ አትዝለዪ። መጀመሪያ የዚያው ድርጅት ከፍ ያለው ሼርድ፣ ቀጥሎ 2 ወይም 4 ጊጋ ያለው ማኔጅድ ቪፒኤስ። ወደ ላይ መውጣት ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የከፈሉትን የሦስት ዓመት ገንዘብ ማስመለስ ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ አይቻልም። በዚያ በ30 ቀን ውስጥ ቻናሉ ላይ አንድ ትልቅ ማስታወቂያ ልቀቂና ፈትኚው። ከተጎተተ ገንዘባችሁን ታስመልሳላችሁ።

በመጨረሻ ስለ ወንድምሽ። በካርዱ መክፈሉ ጥሩ ነው፤ ሌላ አማራጭም ላይኖራችሁ ይችላል። ግን ዶሜይኑ ሲመዘገብ ባለቤት ተብሎ የሚጻፈው የእናትሽ ስም ይሁን፤ ኢሜይሉም አንቺ በየቀኑ የምታይው ይሁን። የእሱ ከሆነ የእድሳት ማስጠንቀቂያው ሜሪላንድ ይሄዳል፤ እሱ ሥራ ላይ ሆኖ ሳያየው ያልፋል። ኢሜይሉ ደግሞ ከዚያው ዶሜይን የተሠራ አይሁን፤ ዶሜይኑ ቢዘጋ ማስጠንቀቂያውም አይደርስሽምና። ካርዱ ተለውጦ ክፍያ እንዳይመለስም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ነሐሴ ላይ፣ የበዓሉ ገበያ ሳይጀምር፣ ደውለሽ አስታውሺው።

እናትሽን ሰላም በይልኝ።